ዋና ትምህርት

ቲቸርን መጀመሪያ ያወቅኋት በፀጉሯ ነው። ሥራዬ ፀጉር ነው፤ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ወደ መታጠቢያው ያጋደለ ሰው እኔን ሊዋሸኝ አይችልም። የዳቦ ቤቷ ልጅ ዱቄት ይዛ ትመጣለች፣ የባንኳ ልጅ ራስ ምታት ይዛ ትመጣለች፣ ይቺ ደግሞ ጠመኔ ይዛ መጣች። ውኃውን ስለቅበት ነጭ ሆኖ ወረደ።

“የኔ እመቤት፣ ግድግዳ ስትቀቢ ነው የዋልሽው?” አልኳት። እኔ ወንበሬ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ አንተና አንቺ ነው የምለው፤ ሳሙና የተቀባ ጭንቅላት አንቱ አይባልም።

“የለም፣ ሁለተኛ ክፍል ነው የማስተምረው” አለችኝ፣ ሌላ ማብራሪያ የማያስፈልግ ይመስል።

ታጥባ ሹሩባ ልትሠራ ተቀመጠች። እንደ ሥራዬ ልማድ “ጠበቅ ላድርገው ወይስ ላላ?” ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። ሳቋን ልታቆመው ብትል እምቢ አላት። ለካ ቀኑን ሙሉ ልጆቹን ስትጠይቅ የዋለችው ይህንኑ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም፤ ወረቀት ላይ አንድ የሆነው ቃል አፍ ውስጥ ሲገባ ጠበቅ ካለ አንድ ነገር፣ ላላ ካለ ሌላ ነገር ይሆናል። “ዶሮው ይበላል” ብላ በጣቷ መስታወቴ ላይ ጻፈችልኝ። “ሲላላ እህል እየለቀመ ነው። ሲጠብቅ ድስት ገብቷል፣ ነፍሱን ይማር።” ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኔ ቤት ስሟ ጠበቅ-ላላ ሆነ። ፊት ለፊትም እንጠራታለን፤ አትቆጣም።

ከእሷ ተማሪዎች አንዷ እኔ ቤት ናት፣ የእህቴ ልጅ። እህቴ ሥራዋ ሌላ ከተማ ስለሆነ ልጅቷ የምታድገው ከእኔ ጋር ነው፤ እናቷ በየወሩ መጨረሻ ትመጣለች። እኔ ያወጣሁላትን ስም ልንገራችሁ፤ ወይዘሪት ምንም።

“ዛሬ ምን ተማራችሁ?”

“ምንም።”

“ከማን ጋር ተጫወትሽ?”

“ከማንም።”

“ታዲያ እዚያ የምትሄጂው ልትተኚ ነው?”

ይህን ስላት ከንፈሯን ታጣምምና ቦርሳዋን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። እርግጥ ጥያቄውን የምጠይቃት የሰው ፀጉር እያደረቅሁ ነው። የማድረቂያው ጩኸት መልሱን እየበላው ይሆን ብዬ አንድ ሁለቴ አስቤያለሁ፤ ግን ደንበኛ ይጠብቃል።

ጠበቅ-ላላ ግን ክፍሏን ለብቻዋ መያዝ የማትወድ ሰው ናት። የወላጆች የስልክ ግሩፕ አላት፤ ማታ ማታ የዋሉበትን ትልክልናለች። “ዛሬ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ አስተኝተናል፤ ቤት ስትገቡ ማን ቀድሞ እንደሚነቃ ጠይቋቸው።” “ዛሬ ግቢውን በጫማ ለካን፤ የማን ጫማ ትክክለኛው መለኪያ እንደሆነ ግን አልተስማማንም።” ፎቶም አለው። እኛስ ምን እንመልሳለን? አውራ ጣት። ከላይ እስከ ታች የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ነው። ባቄላው ይብቀል አይብቀል የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

በዚያ ላይ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የክፍሏን በር ከፍታ ወላጆች ኑና ተቀመጡ፣ ልጆቻችሁ የሚሠሩትን እዩ ትላለች። ማን ይሄዳል። እኛ ትምህርት ቤት የምናውቀው “ወላጅ አምጣ” ተብሎ ነው። የተጠራ ሰው አጎንብሶ ይሄዳል፣ በር ላይ ቆሞ የልጁን ጥፋት ይሰማል፣ ይመለሳል። ጎሚስታው፣ ከእኔ ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግነው ማለቴ ነው፣ የመጀመሪያው የሐሙስ ጥሪ ስልኩ ላይ ሲደርሰው መልእክቱን እንኳ ሳይጨርስ ልጁን “ምን አጥፍተህ ነው?” ብሎ ኳሱን ቀማው። የመንትዮቹ አያት ብቻ አንዴ ሄደዋል፤ እሳቸውም ዝናብ ይዟቸው ነው።

ይህን ሁሉ ለምን እንደምትደክም የነገረችኝ አንድ ቀን ፀጉሯን ስፈታላት ነው። አባቷ ግንበኛ ነበር። ልጅ ሆና በክፍል ውስጥ ስቃ “ወላጅ አምጪ” ተባለች። አባቷ ከሥራ እንደወጣ፣ ሲሚንቶው ከልብሱ ሳይራገፍ መጣ። በሩ ላይ አቁመው ነገሩት፣ ነገሩት፣ ሸኙት።

“የኔ ሥዕል እኮ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር” አለችኝ። “እሱ የገነባውን ቤት ነበር የሣልኩት። አንገቱን ብቻ ቢያስገባ ያየው ነበር። ግባ ያለው ሰው የለም። ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቱ በኩል ላለማለፍ ዙሪያውን ይሄድ ነበር።”

ማበጠሪያውን አስቀምጬ የቀረውን ፀጉሯን በጣቴ ፈታሁላት።

ከዚያ አንድ ሰኞ መጣችና ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። አንገቷ ደርቋል። “ምን ሆነሻል?” አልኳት።

“ዳይሬክተሩ ጠርተውኝ ነበር። ‘ሰው የማይገባበትን በር ከፍቶ መቀመጥ ብርድ ማስገባት ነው’ አሉኝ። የፊታችን ሐሙስ ወንበሮቹ ባዶ ከሆኑ በቃ፣ ሰዓቱ ለሒሳብ ይሰጣል።” ቀጥላም “ልጆቹ ተዘጋጅተዋል” አለች። “እያንዳንዳቸው ስለ ቤታቸው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈዋል። ያቺ የአንቺም ጽፋለች።”

“አይዞሽ፣ እሱ ሳይደግስ አይጣላም” አልኳት። የዚያን ዕለት ማታ ወይዘሪት ምንም እግሬ ሥር ቁጭ ብላ “አክስቴ፣ ሐሙስ ትመጫለሽ?” አለችኝ። “እናያለን” አልኩ። እናያለን ማለት በትልቅ ሰው ቋንቋ ምን እንደሆነ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

ማክሰኞ ቤቴ ጢም ብሏል። የመንትዮቹ አያት ፀጉራቸውን በቢጉዲን ተጠቅልለው ማድረቂያው ሥር ናቸው፤ ሌሎቹም ተራ ይጠብቃሉ። ስልኬ ጮኸ። እጄ ቀለም ስለነበረው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ጎንበስ ብዬ፣ ማድረቂያውን በሚበልጥ ድምፅ አነበብኩላቸው።

“ውድ ወላጆች፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዋና ትምህርታችንን እናሳያችኋለን። በር ላይ አትቁሙ፤ ደፍራችሁ ግቡ። እናንተም አብራችሁ ትሞክራላችሁ፤ ማንም አይስቅባችሁም። እኔ አጠገባችሁ አለሁ።”

የመንትዮቹ አያት ማድረቂያውን ከራሳቸው ላይ ገፉት። “የምን ዋና?”

“ዋና ነዋ እማማ። ውኃ ውስጥ የሚዋኘው።”

“የት ነው ውኃው?”

ሁላችንም አሰብን። ትምህርት ቤቱ መዋኛ የለውም። ያለው ከሽንት ቤቱ ጀርባ የቆመው የውኃ ታንከር ነው።

“ታንከሩ ውስጥ ልትከታቸው ነው” አለች አንዷ።

“መጀመሪያ እኛን ነው እንጂ። ‘ደፍራችሁ ግቡ’ ነው እኮ የሚለው” አለች ሌላዋ።

“‘እኔ አጠገባችሁ አለሁ’ም ይላል” አልኩ፣ እንደገና ጎንበስ ብዬ። “እሷ መዋኘት ትችል ይሆን?”

እማማ ቢጉዲናቸውን በእጃቸው ይዘው አሰቡ። “እኔ በዚህ ዕድሜዬ አልገባም” አሉ በመጨረሻ። “ግን መንትዮቹን ለታንከር ሰጥቼ ቤቴ አልቀመጥም።”

ደውለሽ ለምን አልጠየቅሽም ትሉኝ ይሆናል። ወሬ በጣመ ጊዜ ማን ደውሎ ያበላሸዋል? በዚያ ላይ “ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት” የሚባለው ወሬው ለሚነገረው ሰው ነው፤ ነጋሪዋ እኔ ነበርኩ። ድምፄ ደግሞ ማይክ አይፈልግም፤ በመስኮት ወጥቶ መንገዱን ተሻግሮ ጎሚስታው ጋ ይደርሳል። እሱ ለደንበኞቹ ነገረ፣ ደንበኞቹ ለሚስቶቻቸው። እስኪመሽ ድረስ የሰማ ሁሉ ታንከሩን በሐሳቡ ሲለካ ዋለ።

እኔ በበኩሌ እንቅልፍ አጣሁ። የእህቴ ልጅ ውኃ ትፈራለች። ፀጉሯን ለማጠብ ጎረቤት ካልተጠራ አይሆንም። “ሐሙስ የምታሳዩን ምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅኋት። “ምስጢር ነው። ቲቸር ለማንም እንዳትናገሩ ብላናለች” አለችኝ። እናቷ አደራ ያለችኝን ልጅ ታንከር ውስጥ ላስጥል ነው እንዴ።

ሐሙስ ሱቄን ዘጋሁ። የሰርግ ሰሞን እንኳ የማይዘጋውን ሱቅ። ትልቁን ፎጣና ቅያሪ ልብስ በዘንቢል አድርጌ ወደ ትምህርት ቤቱ ገሠገሥሁ። በሩ ላይ ስደርስ መንገዱ ሰው በሰው ሆኗል። ነጠላ ጫማ ያደረገ አለ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ የጠመጠመ አለ። ጎሚስታው የጭነት መኪና ጎማ ውስጥ የሚገባውን ከመነዳሪ ነፍቶ በትከሻው አንግቶታል፤ ከጥበቃው ጋር ይከራከራል።

“ይህን ይዞ መግባት አይቻልም” ይላል ጥበቃው።

“ሰው ሲሰምጥ ምን ልትወረውርለት ነው? ያን ዱላህን?” ይላል ጎሚስታው።

የመንትዮቹ አያት ዣንጥላ ይዘዋል። “እማማ፣ ለዋና ዣንጥላ ምን ያደርግልዎታል?” ብላቸው “ውኃ አይደለም እንዴ?” አሉኝ።

ጫጫታውን ሰምተው ዳይሬክተሩ ቁልፋቸውን እያንሿሹ ወጡ። ይህን ሁሉ ወላጅ ሳይጠሩት መጥቶ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። “ምን አጠፋን?” አሉ። ይህን ጥያቄ በዚያ በር ላይ ሁልጊዜ የምንጠይቀው እኛ ነበርን።

“ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት የውኃውን ጥልቀት ማየት እንፈልጋለን” አላቸው ጎሚስታው።

“የምን ውኃ?”

ስልኩን ሰጣቸው። መነጽራቸውን አውርደው አነበቡ። “ዋና ትምህርታችንን…” ሲሉ ጠበቅ አድርገው ነው ያነበቡት፣ ዋና ከተማ፣ ዋና መንገድ እንደሚባለው። አንዴ ቀና ብለው አዩንና ደገሙት። “ዋነኛ ትምህርታችንን ማለቷ እኮ ነው። ማነው አላልቶ ያነበበላችሁ?”

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ እኔን አየኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የራሱን ነገር ለሰው ስነግር ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ የአፉን ያን ቀን ቀመስሁት።

“እና ለዚህ ነው ሥራዬን ጥዬ የመጣሁት?” አለ ጎሚስታው። ከመነዳሪውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሌሎቹም ፎጣቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ያኔ ከግቢው ማዶ የክፍሉ በር ላይ ጠበቅ-ላላን አየኋት። ጠመኔ በእጇ፣ ከወገቧ ዝቅ ብለው ሕፃናት በሁለቱም በኩል አንገታቸውን አውጥተዋል። ሰው መጥቶላት ነበር፤ አሁን ደግሞ ጀርባውን እያየች ነው። ከሕፃናቱ መሐል የኔዋ አለች። አልጮኸችም፣ እጇንም አላወዛወዘችም፤ ታየኛለች ብቻ።

ነደደኝ። በማን እንደነደደኝ እንጃ። “ወዴት ነው?” አልኩ። የምጮኸውን ያህል ጮኽሁ። “በር ላይ አትቁሙ፣ ደፍራችሁ ግቡ ተብላችኋል። ደረቅ ክፍል ነው የፈራችሁት? አንተ ጎሚስታ፣ ታንከር ልትገባ መጥተህ ሁለተኛ ክፍል መግባት አቃተህ?”

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ናቸው። ዣንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተክለው ግቢውን ማቋረጥ ጀመሩ። እሳቸውን ትቶ መመለስ ለሌላው ነውር ሆነበት፤ ተከተለ። ጎሚስታው እያጉረመረመ መጨረሻ ላይ ሄደ፣ ክፍሉ ደፍ ላይ ሲደርስም ከመነዳሪው በበሩ አልገባ አለ። እሱ ውጭ፣ ልጁ ከውስጥ እየሳበ፣ እኔ ከኋላ እየገፋሁ፣ “ፏ” ብሎ ከነባለቤቱ ገባ። ሕፃናቱ በሳቅ ፈረሱ።

ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ጉልበታችን አገጫችን ጋ እስኪደርስ ታጥፈን ተቀመጥን። የበቀለው ባቄላ መስኮቱ ላይ ነበር፤ ያን ጊዜ በስልክ አውራ ጣት የሰጠነው ማለት ነው። ሐረጉ ሽቦውን ይዞ ወጥቷል። ግድግዳው ሁሉ የልጆች ጽሑፍ ነው።

ጠበቅ-ላላ ሰሌዳው ላይ ትልቅ አድርጋ “ዋና” ብላ ጻፈች። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። “ይህን ትምህርት ለልጆቹ ሳስተምር ከረምኩ” አለች፣ “ለወላጆች ስጽፍ ግን ራሴው ወደቅሁ። ልጆች፣ እስቲ አንብቡላቸው።”

“ሲጠብቅ ዋነኛ፣ ሲላላ ውኃ ውስጥ!” አሉ ባንድ ድምፅ። ጣታቸውን ወደ ከመነዳሪው ጠቆሙ።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። እማማ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አሁን ደግሞ አንድ ወንበር አይበቃቸውም። “ሰፊ” ብላ ጻፈችላቸው። እማማ አንዴ አላልተው፣ አንዴ አጥብቀው አነበቡትና ወገባቸውን አዩ። “እኔ ሁለቱንም ነኝ” አሉ። ለጎሚስታው “ጎሚስታው ይነፋል” ብላ ጻፈችለት። አላልቶ ሲያነበው ጎማ ነፊ ሆነ፤ አጥብቆ ሲያነበው ራሱ ተነፋ። ጉንጩን ነፍቶ ሲያሳያቸው ልጁ ወንበር ላይ ቆሞ አጨበጨበ። ያ ልጅ በአባቱ ሲኮራ ሳይ ኳሱ ትዝ አለኝ። ለካ እሱም ትዝ ብሎታል፤ “ኳስህን ቤት ስንገባ እሰጥሃለሁ” ሲለው ሰማሁ።

ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆመው ነበር። “ጌታዬ፣ በር ላይ አይቁሙ” አለቻቸው። ገቡ፤ ግን መቀመጫ የለም። ባዶ ወንበር ይኖራል የተባለበት ክፍል ነው እንግዲህ። ዙሪያውን ቃኙና ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከትተው ከመነዳሪው ላይ ተቀመጡ። ተንሳፈፉ ማለት ይቻላል። “ለሚመጣው ሐሙስ ከአዳራሹ ወንበር አስመጣለሁ” አሉ፣ ሚዛናቸውን እየጠበቁ። ጠበቅ-ላላ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ የተጻፈውን ማጥፋት ጀመረች። አንገቷን ከኋላ አየሁት፤ ላልቷል።

ቀጥሎ ልጆቹ ስለ ቤታቸው ሰው የጻፉትን ማንበብ ነበር። የኔዋ ስትነሳ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀቷን ቀድሜ አየሁት። “አክስቴ ትሰማለች።” ከጎኑ መቀስና ማበጠሪያ ሥላለች። ለመሰማትማ ማን ይደርስብኛል። ጎሚስታውም እንደኔው ጠበቅ አድርጎ ነው ያነበበው፤ “እውነቷን ነው፣ እኔ ሱቅ ድረስ ትሰማለች” አለ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቆነጠጠኝ። ልጅ ስለ እኔ የምትለው ይህን ብቻ ነው ብዬ።

ልጅቷ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመች። እኔም ጠበቅኋት። ማድረቂያ የለ፣ ደንበኛ የለ፤ አፏን ብቻ ነበር የማየው።

“አክስቴ ትሰማለች” አለች። አላልታ። ጆሮዋን ትሰጠኛለች፣ የምላትን ታዳምጠኛለች እንደማለት።

“ጎበዝ” አለቻት ጠበቅ-ላላ። “ሲጠብቅስ?”

ወይዘሪት ምንም አየችኝና ወደ አስተማሪዋ ዞረች። “እሱንም ተለማምጄው ነበር። ካልመጣች አጥብቄ ላነበው ነበር።”

ያ ለዋና ያመጣሁት ፎጣ ሥራ አላጣም። ፊቴን ቀብሬበት አለቀስኩ፤ እማማም ጫፉን ተዋሱኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ “ዛሬ ምን ተማራችሁ?” ብዬ አልጠየቅኋትም። ራሷ ጀመረች። የባቄላው ነገር፣ የጫማው ክርክር፣ ከመንትዮቹ የትኛው እንደሚያኮርፍ፤ ቤት ደርሰን ራት እስኪቀርብ አልጨረሰችም። እኔ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ እንደዘጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ወይዘሪት ምንም የሚለውን ስም በዚያው ቀን ሻርኩት።

ወረቀቷን አስተማሪዋን ለምኜ አመጣሁና ሱቄ መስታወት ላይ ለጠፍኩት። የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ቁጭ ብሎ ቀና ሲል ያነበዋል፤ ሁሉም አጥብቆ ነው የሚያነበው፣ ይስቅብኛል። እኔም “ላልቶ ነው የሚነበበው” እላለሁ። ይህን ስል ድምፄ መንገዱን ተሻግሮ ጎሚስታው ጋ ይደርሳል አሉ።